አንድ ቅጥል የጎደላት መፈክር

ሰርኩላሩ ከጌዶ ገበሬ ማኅበር ሲመለስ አናቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ ነበር። የተከበበው ስለ ማዳበሪያ የሚናገረው ክፍል አይደለም፤ እሱንማ ማን ያነበዋል። የተከበበው መፈክሩ ነው። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ማለት ሲገባው «ኢትዮጵያ ትቀደም» ይላል፤ ሌሎች ይቅደሟት፣ እሷ ትከተል እንደማለት። ያውም አንድ ወረቀት ላይ ቢሆን ደግ ነበር፤ በስቴንስል፣ በማባዣው ሰም ወረቀት፣ ተባዝቶ ለስድሳ የገበሬ ማኅበራት ተበትኗል። ከአምቦ እስከ እጃጂ ያለው ሊቀመንበር ሁሉ የአገሩን መቀደም በማኅተም ተረጋግጦ ተቀብሏል። ዘመኑ ደግሞ 1971 ዓ.ም. ነው፤ በእንዲህ ያለ ነገር የሚስቅ ሰው በሩን ዘግቶ ነበር የሚስቀው።

ጻፊዋ ሮማነወርቅ ናት። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ በአምቦው የግብርና መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ጽሕፈት መኪና ፊት የተቀመጠች፣ በንጉሡ ስም የሚጀምረውንም በ«ትቅደም» የሚጀምረውንም ደብዳቤ እኩል የመታች። የአማርኛ መኪና እንደ ፈረንጁ ፊደሉን በአንድ ምት አይጨርስም። መጀመሪያ ግንዱ ይመታል፣ ቀጥሎ ቅጥሉ፣ ያቺ ግንዱ ላይ የምትለጠፈው ጭረት። «ቀ»ን መትቶ ቅጥሉን የሳተ ሰው «ቅ» ጽፌያለሁ ብሎ ቢምል ወረቀቱ አይሰማውም። ስቴንስል ላይ ደግሞ ጥብጣቡ ስለሚነሳ የተመታው ፊደል ለዓይን ደብዛዛ ነው፤ መመታቱን የሚያውቀው ጣት ነው። የሮማነወርቅ ጣት ግን ቁልፉን መንካት አለመንካቱን በእርግጠኝነት ካወቀ ሁለት ዓመት አልፎታል።

የጀመራት በአንጓዋ እብጠት ነው። ጠዋት ስትነሳ ጭብጧ አልከፈት ይላታል፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትዘረጋቸዋለች። ከዚያ መንዘሩ መጣ፤ አውራ ጣቷን፣ ጠቋሚዋንና የመሐል ጣቷን ጉንዳን እንደወረረው ያደርጋትና ጭራሹን ይደነዝዛል። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ የታየችበት ሐኪም የመገጣጠሚያ ብግነት ነው አላት፤ አንጓው ሲያብጥ ወደ ጣቶቿ የሚሄደውን ነርቭ ይጫነዋል፣ ይቀልልሻል እንጂ ነቅሎ አይጠፋም አላት። የአምቦ ሰው እንደሆነ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በሽታውን ሁሉ ፍል ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ነከረችው። ሕመሙ ትንሽ ለዘብ አለ፤ መደንዘዙ ግን ንቅንቅ አላለም። ለመሥሪያ ቤቱ አልተናገረችም። እጁ የማይሰማ ታይፒስት ማን ያቆያል?

ኃላፊው ጓድ ተሻለ ቢሮአቸው ጠሯት። የተከበበውን ወረቀት ወደ እሷ ገፉት።

«ነገ የውይይት ክበቡ ላይ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ» አሏት። «ከንቃት ጉድለት ነው የሠራሁት ትያለሽ። ከዚያ መኪናውን ታስረክቢና ተላላኪ ትሆኛለሽ።»

«እምቢ ብልስ?»

«ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ስም ይወጣለታል። እኔ አልችለውም።»

ያን ስም ታውቀዋለች። ፀረ አብዮት የተባለ ሰው በዚያ ዘመን በማግስቱ የት እንዳለ አይጠየቅም ነበር። ሮማነወርቅ ፈራች። ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ይንተከተክ ነበር። አሥራ አራት ዓመት የእነሱን ስንኩል ዐረፍተ ነገር ስታቃና የኖረች ሴት፣ ንቃት ጎደለኝ ብላ ፖስታ ልታመላልስ!

በማግስቱ ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ሹም ኦቦ መርጋ በሯ ላይ ቆሙ። ሕመሟን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ዘወትርም የሚያስቀድሙት የእጇን ሰላምታ ነው።

«ሐርኪ ኬ አከም ቡሌ?» አሏት በኦሮምኛ፤ እጅሽ እንዴት አደረ ማለታቸው ነው።

«ሐዶዴራ» አለቻቸው። «እንደደነዘዘ አደረ፣ ኦቦ መርጋ።»

«ስሚኝ አዴ ሮማን። የሚሉሽን በይና ውጪ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታው ባይነቅዝም እኔ ነቅዣለሁ» አለችና የቀኝ እጇን አንጓ አሳየቻቸው። ኦቦ መርጋ አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ አርባው ሠራተኛ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ካድሬው ጓድ ዳዲ ነው፤ ወጣት ነው፣ ድምፁ ግን የሦስት ሰው ነው። «ጓድ ሮማነወርቅ፣ ግለ ሂስሽን አሰሚ» አለ።

ሮማነወርቅ ተነሣች። ሁለት ዓመት ሙሉ በነጠላዋ ጫፍ ስትሸፍነው የኖረችውን እጇን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። አንጓው አብጧል፣ ጣቶቹ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለዋል። ከኋላ የተቀመጡት ለማየት ብድግ አሉ።

«ይህ እጄ ታሟል» አለች። «ይነዝረኛል፣ ይደነዝዘኛል። ቅጥሏን የመታሁ መስሎኝ ነበር፤ አልመታኋትም። ጥፋቴ ይህ ነው። ሌላ የለኝም።»

«ደንዛዛ ሠራተኛ ለአብዮቱ ምን ይረባል?» አለ ጓድ ዳዲ። አንዳንዱ ሳቀ።

«የደነዘዘው እጄ ነው፣ እኔ አይደለሁም።» ሰርኩላሩን ከፍ አድርጋ ያዘች። «እስቲ አብረን እንየው። እዚህ ጋ ‹አንብቤዋለሁ› ብለው የፈረሙት ጓድ ተሻለ ናቸው። እዚህ ጋ ‹ይበተን› ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ። ማኅተሙን የመቱት ኦቦ መርጋ ናቸው። ከእኔ እጅ እስከ ጌዶ ሦስት ሰው አይቶታል። የእኔ ጣት መታመሙን የሐኪም ወረቀት አለኝ። የእናንተ ዓይን መታመሙን የሚያስረዳ ወረቀት ያለው ማነው?»

ጓድ ዳዲ ወረቀቱን ተቀብሎ ፊርማውን ተመለከተ፤ ምናልባት ስሙን ከዚያ መፈክር ሥር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ያን ጊዜ ኦቦ መርጋ፣ እኚያው ዝም በይ ባዩ፣ በዝግታ ተነሡ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «እኔ ሳላነብ ነው የመታሁት። የዘንድሮውን ሁሉ ሳላነብ ነው የመታሁት።»

ከዚህ ወዲያ ፀረ አብዮት ይፈለግ ቢባል፣ ፍለጋው ከታይፒስት ተነሥቶ ካድሬ ላይ ሊያርፍ ነው። ጓድ ዳዲ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። ጉሮሮውን ጠረገና ሂሱ ገንቢ መሆኑን፣ ጉድለቱም የጋራ መሆኑን ተናገረ። «ሆኖም» አለ፣ አንድ ነገር እንኳ በእጁ ሊያስቀር፣ «ጓድ ሮማነወርቅ እስኪሻላት ድረስ ከመኪናው ትነሣ።»

ሮማነወርቅ አልተቀመጠችም ነበር።

«ይህ በሽታ አይድንም» አለች። «ሐኪሙ ነግሮኛል። እስኪሻላት ካላችሁ እስክትሞት ማለታችሁ ነው። ከመኪናዬ አልነሣም። ጣቴ ያልሰማውን የእናንተ ጆሮ ይስማው፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ የመታሁትን የሚፈርመው ሰው አጠገቤ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ሳይነበብ አይፈረምም።»

የተቃወመ አልነበረም። መቃወም ሳላነብ ልፈርም ማለት ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ማስተካከያው ሰርኩላር ተጻፈ። ጓድ ተሻለ ስቴንስሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን እየለዩ አነበቡ፤ «ት፣ ቅ፣ ደ፣ ም።» ከኮሪደሩ ሁለት ሠራተኞች አጮልቀው አዩና አፋቸውን ይዘው ሄዱ። ኃላፊው ላብ አጠመቃቸው። ሮማነወርቅ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አሻሸችው፤ ጉንዳኑ ከአንጓዋ ተነሥቶ ወደ ጣቶቿ እየወረደ ነበር።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምናነበው?» አሉ ጓድ ተሻለ በመጨረሻ።

«ለጡረታዬ አሥራ ሰባት ዓመት ይቀረኛል» አለቻቸው። «ይቀጥሉ።»