የሠርግ ካርዱ ፊደል

«ጥላ ጨምሪበት» አሉ አቶ ደገፉ፣ ከሐመልማል ወንበር ኋላ ቆመው ስክሪኑን በእስክሪብቶ እየነካኩ።

በዴሳ ከተማ ለሚደረገው ስብሰባ የሚወስዳቸው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ግቢ ውስጥ ይጠብቃል። ሐመልማል ፊደሉ ላይ ጥላ ጨመረች። ከዚያ በፊት አረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ ጽሑፍ አድርጋላቸዋለች፤ ሃያ ስድስት ገጽ የዓመት ሪፖርትም አንድ ቃል ሳይቀነስ ሃያ ስድስት ስላይድ ላይ ጠቅጥቃላቸዋለች። ቦታ ሲጠበው ፕሮግራሙ ራሱ ፊደሉን እያሳነሰ ጉንዳን አሳክሎታል። ሰውየውን ያስጨነቃቸው ግን ፎንቱ ነበር። የእህታቸው ልጅ የሠርግ ካርድ የታተመበት፣ ጭራው የተጠቀለለው ፊደል ካልሆነ ብለው ከማተሚያ ቤት በፍላሽ አስመጥተው አስጫኗት። የመስኖና የማዳበሪያ ሪፖርት በሠርግ ፊደል! ያየ ሰው ዳስ የተጠራ ነው የሚመስለው።

ሐመልማል ሁለት ዓመት በጊዜያዊነት የሠራች የግብርና መምሪያው ጸሐፊ ናት። በመጪው ሳምንት የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጡ ምደባ ይወጣል። ቋሚ የምትሆነውም፣ የምትሰናበተውም በኃላፊዋ በአቶ ደገፉ ፊርማ ነው። ስለዚህ ንቀቷን ዋጥ እያደረገች ኖራለች። ዛሬ ግን ዝም ብላ ማለፍ አልሆነላትም።

«አቶ ደገፉ፣ ይሄ ፎንት ያለው እዚህ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። በዴሳ አዳራሽ ባለው ላፕቶፕ ላይ ካልተጫነ ጽሑፉ ይበላሻል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቀደም ብለን ደርሰን ልጫነው። ካልሆነም አንድ ኮፒ ላትምልዎ።»

«ፊደል ፊደል ነው» አሉ። «በዴሳ ሲደርስ ይጠፋል እንዴ? ወረቀት ደግሞ ኋላቀርነት ነው። አንቺ ጽፊ፤ ቴክኖሎጂውን ለእኛ ተዪው።»

ቴክኖሎጂውን! ሰውየው ኮምፒዩተር የሚያጠፉት ሶኬቱን ነቅለው ነው። ሐመልማል ሪፖርቱን በሰውየው ፍላሽ ገለበጠችላቸው፤ ፎንቱ ያለበትን ሌላውን ፍላሽ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተከትላቸው ወጣች፤ ስላይድ የሚያሳልፍላቸው ሰው ያስፈልግ ነበርና።

ቀደም ብሎ መድረሱ አልሆነም። አቶ ደገፉ ከከተማው መውጫ ላይ መኪናውን አስቁመው ጥብስ አዘዙ፣ ደገሙም። በዴሳ አዳራሽ ሲገቡ ከክልል የመጡት እንግዶች ከፊት ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ከኋላ ከየወረዳው የተጠሩት ሞዴል አርሶ አደሮች ሞልተዋል። ፎንት ስለ መጫን የሚወራበት ጊዜ አልነበረም።

የአቶ ደገፉ ሪፖርት አቀራረብ የታወቀ ነው። ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ግድግዳው ላይ ያለውን ቃል በቃል ያነባሉ። ገጹ ሲያልቅ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ ያደርጋሉ፤ ሐመልማል ታሳልፋለች። ግድግዳው ላይ ካልተጻፈላቸው ስለ መሥሪያ ቤታቸው አንዲት ነገር አይናገሩም፤ ስለማያውቁ።

ፕሮጀክተሩ በራ። ግድግዳው ላይ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ተዘራ፤ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ባለ ጥላ። አቶ ደገፉ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። አዳራሹ ግን አልደነገጠም። የወረዳ ኃላፊዎቹ እንግሊዝኛ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱማ ቅንፉንም ዶላሩንም እንዳለ ማስታወሻው ላይ ይገለብጥ ጀመር።

እጃቸውን ያወጡት ከጉኑኖ የመጡ ሻንቆ የሚባሉ አርሶ አደር ብቻ ነበሩ።

«ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛ ደብተሩን አያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እንደዚህ ያለ የለበትም። ምን ይላል? ያንብቡልን።»

እንግዶቹ ወደ አቶ ደገፉ ዞሩ። አቶ ደገፉ ወደ ሐመልማል ዞሩ።

«ጸሐፊዋ ናት» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይቅርታ እንጠይቃለን። የክህሎት ክፍተት አለባት። ብዙ መክረናታል። በመጪው ምደባ የሚታይ ይሆናል።»

አዳራሹ ሁሉ ሐመልማልን አያት። ተናዳለች፤ ነገር ግን ከንዴቷ ንቀቷ በለጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈራ የኖረችው ይሄን ሰው ነው?

አቶ ደገፉ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ። «ጠዋት ያልሽው ነገር አሁን ይሆናል? ቶሎ በይ። ለምደባሽ እኔ አለሁልሽ።»

ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው። ፍላሹ በጨርቁ በኩል ለጣቷ ይታወቃታል። ሁለት ደቂቃ ነው። ፊደሉ ይመለሳል፤ ሰውየው ያነባሉ፤ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። እሷም ቋሚ ሆና፣ እኚህ ሰው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጥላ ስትጨምርላቸው ትኖራለች።

ቦርሳዋን ወንበሩ ሥር አስቀመጠችው።

«አልችልም» አለች፣ ከኋላ ያሉት አቶ ሻንቆም እንዲሰሙ አድርጋ። «የክህሎት ክፍተት አለብኝ።»

ከዚያም እስክሪብቶው ጠረጴዛውን እስኪመታ ሳትጠብቅ፣ ወደ ሁለተኛው ስላይድ አሳለፈች።