የሜብል ስምንት ሰከንድ

የካልደር ክሪክ ሮዲዮ፣ የከብት ነጂዎች የግልቢያ ውድድር፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይታጎል ተካሂዷል። በድርቁ ዘመን ሣር ጠፍቶ ከብቱ ሲሸጥ እንኳ በአራት ፈረስና በስድስት ጋላቢ ተደርጓል። ሌሎች የሞንታና ከተሞች እምቢተኛ ፈረሶችን ከነጋዴ ይከራያሉ፤ እኛ ግን ተከራይተን አናውቅም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከገዛ መንጋው ሰው የማይቀበለውን መርጦ ያመጣል፤ የራሱን ቤት ፈረስ የሚጋልብ የለም። በአንድ እጁ ብቻ ይዞ ስምንት ሰከንድ የቆየ ሰው ስሙ ከፈረሱ ስም ጋር በበረቱ ወፍራም ሳንቃ ላይ ይቀረጻል።

በሠላሳ አምስተኛው ዓመት ስሙን በዚያ ሳንቃ ላይ ለማየት የጓጓው ኤመት ስቶከር ነበር። ኤመት ተቀጥሮ የሰው ከብት እየነዳ የሚኖር፣ ስለ ራሱ መናገር የማይወድ ጨዋ ሰው ነው። ትከሻው ሁለት ጊዜ ስለ ወለቀ ግልቢያው በዚያ ዓመት እንደሚያበቃ ለሚስቱ ለሎርና ቃል ሰጥቷል። ዕጣው ያወጣለት ሜብልን ነበር። ሜብል የወይዘሮ ጉድሩን ኦሰን ግራጫ ባዝራ ናት፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስምንት ሰከንድ የቆየባት አልተገኘም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወይዘሮ ጉድሩን በአደባባይ የሚኮሩባት እርሷ ብቻ ነበረች።

«እትዬ ጉድሩን፣ ይቺን ጉድ ማን ነው ሜብል ያላት?» አለ ኤመት አጥሩ ላይ ተደግፎ።

«የአክስቴ ስም ነው። መልኳን ባትወርስም ጠባይዋን ወርሳለች።»

«አክስትዎም ሰው ይጥሉ ነበር?»

«ሦስት ባል። አራተኛው እንዳትሆን ባርኔጣህን ጠበቅ አርገው።»

በዚያን ጊዜ ሰዓት ያዡ እኔ ነበርሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው በመሆኔ፣ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ በያዝሁት ሰዓት ላይ የተከራከረ አልነበረም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሰዓቱ የሚነሣው የበረቱ መዝጊያ ሲከፈት ሳይሆን የፈረሱ ትከሻ ደፉን ሲያልፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ አንድ ላይ ይሆናሉ። በዚያ ቀን ግን መዝጊያው ተከፈተ፤ አውራ ጣቴ ሰዓቱን ተጫነ፤ ሜብል አልወጣችም። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ከአንድ ሰከንድ በላይ ቆመች፤ ከዚያ ፈነዳች። ኤመት እንደ ተሰፋ ሰው ጀርባዋ ላይ ጸና። ሰዓቱ ስምንት ሲል ፊሽካውን ነፋሁ። መኪና ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ በደስታ ጮኸ፤ አናጺውም መሮውን ሊያመጣ ሄደ።

በሕጉ ከተቆጠረ ግን ኤመት የቆየው ሰባት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ወደ ኤመት ሄጄ የሆነውን ነገርሁት፤ ምክንያት አልደረደርሁም።

ትከሻውን እያሻሸ አየኝ። «ሌላ ያየ ሰው አለ፣ መምህር?»

«የለም።»

«ስምንተኛ ክፍል ላይ በግማሽ ነጥብ ጥለውኛል። ዛሬም አመልዎ አልለቀቀዎትም ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም እርሱ ራሱ ወደ ዳኞቹ መራኝ።

ሰዓት ሲሳሳት ጋላቢው እንደገና እንዲጋልብ ሕጉ ይፈቅዳል።

«የመጨረሻዬ ነው ብለህ ቃል ገብተህልኛል» አለች ሎርና።

«አልጨረስኩትማ።»

ዳኞቹ ሜብል ወዲያው እንድትመለስ አዘዙ። ባዝራይቱ በላብ ተጠምቃ ጎኗ ይርገበገብ ነበር። ኤመት እምቢ አለ።

«በደከመች ፈረስ ስሜን አላስጽፍም። ውሃ ትጠጣ፣ ትረፍ። ጥጃ በገመድ የመጥለፉ ውድድር እስኪያልቅ እጠብቃለሁ።»

ዕረፍቱ ለእርሷ ጉልበት፣ ለእርሱ ትከሻ ግን እብጠት እንደሚጨምር ያውቅ ነበር። ሰዓቱን ማን ይያዝ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ዳኞቹ በይሉኝታ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«እትዬ ጉድሩን ይያዙት» አለ ኤመት።

«አብደሃል እንዴ? ፈረሷ የኔ ናት። እንድትጥልህ እየጸለይኩ ነው እኮ።»

«ጸሎትዎን አይተዉ። ሰዓቱን ብቻ በትክክል ይያዙልኝ።»

ሰዓቱንና ፊሽካውን በእጃቸው አኖርሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መዝጊያው ተከፈተ። ወይዘሮ ጉድሩን የሜብልን ትከሻ ጠብቀው ተጫኑ። ባዝራይቱ አርፋ ስለ ነበር ከመጀመሪያው ይልቅ ከፍ ብላ ዘለለች፤ በአየር ላይ ተጣምማ በአራት እግሯ ወረደች። በአምስተኛው ሰከንድ የኤመት ባርኔጣ ወደቀ፤ በሰባተኛው የታመመው ትከሻው ከዳውና ወደ ቀኝ አዘነበለ። የወይዘሮዋ ዓይን ከሰዓቱ አልተነሣም። ግማሽ ሰከንድ ቢዘገዩ ሜብል እንደ ተከበረች ትቀር ነበር፤ የሚወቅሳቸውም አይገኝም ነበር። ፊሽካው ጮኸ። ኤመት በሚቀጥለው ዝላይ አቧራው ላይ ተዘረረ።

«ስምንት» አሉ ለዳኞቹ።

«ረዘመብኝ» አለ ኤመት አፈር እየተፋ።

«እኔም ረዝሞብኛል» አሉ እርሳቸው።

ሁለቱም ስሞች በዚያው ቀን ተቀረጹ፤ ኤመትም ቃሉን ጠብቆ ዳግመኛ አልጋለበም። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰዓቱ ለወይዘሮ ጉድሩን እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ የተቃወመም አልነበረም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዙት። የገዛ ፈረሳቸው ተራ ሲደርስም ሌላ ሰው ይተካቸው ብሎ የጠየቀ የለም።