ሽማግሌ የጠየቀው ፋይል

ለካድሬ እምቢ ማለት አይከብደኝም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ አባይነሽ ፈሪ ናት እንዳይባል። አብዮቱ በጋመበት ሰሞን አንዱ ካድሬ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ መጥቶ የተማሪ ፋይል አምጪ ቢለኝ፣ «ደብዳቤ ይዘህ ና፣ ጓድ» ብዬ ከመዝገብ ቤቱ በር መልሼዋለሁ። እኔን የሚያሸንፈኝ ሽማግሌ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከዘራውን ተደግፎ «ልጄ» ካለኝ አለቀልኝ።

ስሙን በማልጠራው፣ ደሴ ባለ አንድ ኮሌጅ የተማሪ ፋይል ያዥ ነበርኩ። የትውልድ ቦታ፣ የአባት ሥራ፣ ውጤት፣ የጤና ቅጽ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው። የአገራችን ሰው ደግሞ ልጁን ሊድር ሲያስብ ዘር ያጣራል፤ ዘር ሲያጣራ እኔ ትዝ እለዋለሁ።

በ1972 የሆጤ ሰፈር ጎረቤቴ አቶ እንየው ለልጃቸው አትጠገብ የምትባል ተማሪያችንን አጩ። «ጤናዋን ብቻ እይልኝ» አሉኝ። ማየት ምን አላት፣ ፋይሉን ገልጬ ሰጠኋቸው። ምንም የለባትም። ሠርጉ ላይ ከሙሽራው እናት ቀጥሎ አስቀመጡኝ፤ ሰው ሁሉ «ይቺ ናት ያጣራችው» እያለ መረቀኝ። እኔ ሞኟም ደስ አለኝ።

በዓመቱ ሸህ ኑርሁሴን ሌላ ሽማግሌ አስከትለው ከደጋን መጡ።

«የወንድሜን ልጅ የሱፍን ታውቂዋለሽ» አሉኝ፣ «እዚሁ ተምሮ አሁን ኮምቦልቻ የሚያስተምረውን። ጣይባ ሀምዱ የምትባለውን፣ እዚህ የምትማር የቢስቲማ አገር ልጅ ካላገባሁ ብሏል። እኛም ወደናታል። ብቻ ጤናዋን አጣሪልን፣ ልጄ።»

ተነሳሁ። ምነው ያን ጊዜ እግሬን በሰበረው! እያዩኝ ካቢኔቱን ከፍቼ የጣይባን ፋይል አወጣሁና የጤና ቅጹን ገለጥኩ። በራሷ የእጅ ጽሑፍ «ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለብኝ። ክኒን እወስዳለሁ፤ በየቀኑ ከዋጥኩ አይነሳብኝም» ይላል። ወዲያው ትዝ አለኝ። ቅጹን ስትሞላ እስክሪብቶዋን አንስታ «እትዬ፣ ይሄን ማን ያየዋል?» ብላኝ ነበር። «ከኔ በቀር ማንም አያየውም፣ ጻፊ» ብያታለሁ።

ፋይሉን ከድኜ ቦታው መለስኩት።

«አይታይም፣ ሸህ። ክልክል ነው።»

«ለእንየው አሳይተሽ የለም እንዴ?»

«ያኔ... ያኔ አልተከለከለም ነበር።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሸህ ኑርሁሴን ቀስ ብለው ተነሱ።

«አብሽሪ፣ ልጄ። ገብቶናል።»

«ምኑ ነው የገባዎት? ምንም አላልኩም እኮ!»

«አዎ፣ ምንም አላልሽም። አላህ ይስጥሽ፣ ቤታችንን አተረፍሽልን።»

እዩልኝ እንግዲህ፣ መረቁኝ! እስከ ግቢው በር ድረስ እየተከተልኩ «ኧረ ደንብ ነው፣ ነገር ኖሮባት አይደለም» ብል ማን ሊሰማኝ። ባስረዳሁ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እንዴት ያለች ጨዋ ናት፣ ሰው ላለማማት እኮ ነው» እየተባባሉ ሄዱ።

ንዴቱ አላስቀምጥ ቢለኝ የኮሌጁ ዲን ጓድ ስማቸው ዘንድ ገባሁ። «የተማሪ ፋይል ለማንም አይታይም» የሚል ማስታወቂያ አስፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ የመዝገብ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ! ሦስት ቀን ሳይሞላ ከተማው «በዚያች በቢስቲማ ልጅ የተነሳ ማስታወቂያ ወጣ» አለ። አንዱ የሳንባ በሽታ ነው አለ፣ አንዱ ቁምጥና አለ፣ ሌላው ደብቃ ወልዳለች አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያለው ሰው ደሴን አያውቅም። ሽማግሎቹ የጣይባንና የየሱፍን ነገር አፈረሱት። የመኝታ ክፍል ጓደኞቿም ኩባያቸውን ለዩባት።

ሰኞ ጠዋት ጣይባ ራሷ መጣች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ምን አሉብኝ፣ እትዬ?»

«ምንም! ማርያምን! አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣም!»

«አውቃለሁ። ነግረዋቸው ቢሆን ወሬው አንድ ዓይነት ይሆን ነበር።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«የአትጠገብን አሳይተዋል።»

ነጠላዬን አነሳሁ። «የሱፍ ዘንድ ሄጄ ላስረዳው» አልኩ።

«እኔ ልነግረው ነበር እኮ» አለች። «በመጪው ዓርብ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ክኒኔንም ይዤ፣ እንዲያየው። ቢተወኝም ከኔ አፍ ሰምቶ ይተወኝ ብዬ። አሁን ብነግረው ማን ያምነኛል? ትንሹን ተናግራ ትልቁን ደበቀች ነው የሚለኝ። እርስዎ ግን ይብቃዎ፣ እትዬ፣ አይሂዱብኝ።»

በሩን በቀስታ ዘግታው ወጣች። ብትሰድበኝ ኖሮ እኔም መልሼ እሰድባት ነበር፤ ይወጣልኝ ነበር። ያን ቀን ሥራም አልሠራሁ፣ እህልም አልቀመስኩ። ስንት ባለ ሽጉጥ መልሼ ለአንድ ጋቢ መሸነፌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በመስከረም አዲስ ተማሪዎች ገቡ። ቃሌን ጠበቅኩ፤ አንድም ፋይል ለአንድም ሰው አላሳየሁም። አንዱን ሽማግሌማ «ልጄ» ሳይለኝ ነው የመለስኩት። ጥቅምት ላይ አባ ገብረ ማርያም የሚባሉ ቄስ ያሳደጓት ወለተ ማርያም የምትባል ልጅ፣ በስፖርት ሰዓት ትንፋሿ ተቆርጦ ወደቀች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ነርሷ «ፋይሏ ምን ይላል? ምን በሽታ አለባት?» ብላ ስትጮህብኝ፣ ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ። ካቢኔቱን ከፍቼ ቅጹን አወጣሁ።

«ሙሉ ጤነኛ ነኝ» ይላል።

ልጅቷ በስንት መከራ ተረፈች። አስም ነበረባት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። ሆስፒታል ልጠይቃት ሄጄ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ጮህኩባት።

«አንቺ ልጅ፣ ልትሞቺ ነበር እኮ! ለምን አልጻፍሽውም?»

አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበችና «ይቅርታ፣ እትዬ» አለችኝ። «እርስዎ ለሽማግሌ ያሳያሉ ብለው ልጆቹ ነግረውኝ ነው።»