የውስጥ ቅጠሎች

መብሻው ጠቅ ባለ ቁጥር ሳንቲም የምታህል ክብ የቅጠል ቁራጭ ጠርሙሱ ውስጥ ትወድቃለች። ጉሙ ከኮክ ዛፎቹ ሥር ገና አልተነሣም፤ ግንዶቹ አይታዩም፣ ቅርንጫፎቹ ብቻ በነጩ ላይ ተንሳፍፈዋል። ሴትዮዋ አርባኛዋን ቆርጣ ክዳኑን አጠበቀች። የውስጥ ቅጠሎች ርሰው ነበር፤ እርጥብ ቅጠል ደግሞ አይቆረጥም። ጤዛው እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረባት። አልጠበቀችም። ፀሐይ ካረፈባቸው የውጭ ቅጠሎች ብቻ ወሰደች። «እንደገና በከንቱ ሥራ ካስቆምሽ መብሻውን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሏታል ካቦው። ዛሬ አልፈራም ብላ ነው ከቤት የወጣችው።

የቤተ ሙከራው ወጣት ቅጠሎቹን በሳሙና ውሃ አጠበ። የተረጨው የተባይ መድኃኒት ምን ያህል እንደቀረ የሚናገረው እጣቢው ነው።

«እትዬ ስጋት፣ ዛሬስ ፈገግ ይበሉ! ከሚፈቀደው በታች ነው።»

ለቃሚዎቹ እየተሳሳቁ ወደ ዛፎቹ ገቡ። የሴትዮዋ ልጅም አብራቸው ገባች፤ የአራት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። መሰላሉን ስትወጣ መጀመሪያ ጭንቅላቷ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ በቅጠሉ ውስጥ ሰጠመ። እናትየዋ ዛፉ ልጇን ቀስ እያለ የሚውጣት መሰላት። ፀሐይ የማይነካው ቅጠል መርዙን ይዞ ይቆያል። ይህን እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆማ አየች።

«ውጡ!» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ተሳስቻለሁ፤ ውጡ!»

«ደሞ ጀመራት» አለ አንዱ ለቃሚ። «ማታ በሕልሟ አይታን ይሆናላ!»

ልጇ ወርዳ ተጠጋቻት። «እማዬ፣ አሁንስ አበዛሽው።»

«አብዝቼው ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ካቦው ሰዓቱን አየ። «የመርዙ ቁጥር ትንሽ ከሆነ መብሻውን ታስረክቢያለሽ።»

ጤዛው ደርቆ ነበር። ከዛፎቹ ሆድ አርባ ቆረጠች፤ ወጣቱ ጠርሙሱን ይዞ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ለቃሚዎቹ በተገለበጡ ሣጥኖች ላይ ተቀምጠው ያንጎላጃሉ። ከቅጠል በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። እናትየዋ መጸለይ ፈለገች፤ ምን ብላ እንደምትጸልይ ግን ጠፋት። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን ሥራዋ ይሄዳል። ትልቅ ቢሆን ልጇ ግማሽ ሰዓት እዚያ ውስጥ ስትተነፍስ ቆይታለች።

ልጅቷ ድንገት ተነሥታ ወደ ቧንቧው ሄደች። እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክርኗ ታጠበች። ውሃውን ዘግታ ትንሽ ቆመች። ሆዷን ልትነካ ስትል እጇን መለሰችና እንደገና ቧንቧውን ከፈተች።

በሩ ሲከፈት እናትየዋ ዞር አላለችም። ውሃው ከልጇ ጣቶች ላይ ሲወርድ እያየች ነበር።