ለፋን የማይሆን ማብሪያ

ምራቴ ነርስ ናት። ሌሊት ሠርታ ጠዋት ትተኛለች፤ ትተኛለች ከተባለ ነው እንግዲህ! ልጄ መኝታ ቤታቸው ኮርኒስ ላይ ፋን ሲሰቅል፣ ፍጥነቱን የሚቀንሰውን ማብሪያ ማማሩን አይቶ ገዛ። እሱ ሁሌም የሚገዛው በዓይኑ ነው። ፋኑ ቀነስ ሲያደርጉት ጥርሱን እንደታመመ ሰው ያቃስታል። ሙሉውን ሲለቁት ዝም ይላል፣ ግን አንሶላውን ገልቦ ይጥላል። ሲያጠፉት ደግሞ ክፍሉ እሳት ነው።

ትናንት ጠዋት ምራቴ ከሥራ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"እማዬ፣ እንቅልፍ እያንጎላጀጀኝ የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሌላው ልሰጥ ስል ጓደኛዬ ናት እጄን የያዘችኝ" ብላ አለቀሰች።

ያኔ ቆረጥኩ። ልጄን ማብሪያውን አስፈታሁት፣ የፋኑንም ካርቶን ያዝኩ።

"እማ፣ ተይው፤ ፋኑ ነው የተበላሸው" ይለኛል። መች ሰማሁት! ማብሪያውን ወደገዛበት ሱቅ ሄድኩ።

ባለሱቁን አውቀዋለሁ። ጸጉሩን ቀለም እንደሚቀባ ከሚስቱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም ለብዙ ሰው አልነገርኩም።

"እማማ፣ ማብሪያ ያው ማብሪያ ነው። ፋንዎ ነው ችግሩ" አለኝ።

"ያንተ ፋንስ ደህና ነው?"

"ምን ይወጣለታል!"

"በል እሱን በዚህ አሠራው።"

"ደንበኛ ቆሞብኛል እኮ።"

"እኔ አልቸኩልም።" ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩና ወደ ደንበኞቹ ዞርኩ። "ይሄ ልጅ ጸጉሩን አያችሁልኝ..."

"ኧረ እማማ፣ በሞቴ ይተዉ!" ቆጣሪውን አጥፍቶ ብሎን መፍቻውን አነሳ።

አገናኝቶ ቀነስ ሲያደርገው የሱም ፋን ማቃሰት ጀመረ። ሁሉም ቀና አሉ። አንዷማ "ወይ ጉድ፣ የኔም እንዲሁ ነው የሚለው!" አለች።

ማብሪያውን ፈትቶ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አነበበ። እኔ ፊደል ብዙም አልገፋሁም፣ ፊቱን ግን አነበብኩ።

"ለካ ይሄ የመብራት ማደብዘዣ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ፋን ሞተር ስላለው የራሱ መቆጣጠሪያ ነው የሚያስፈልገው።"

ከላይኛው መደርደሪያ ቁጥር ያለው፣ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚዞር መቆጣጠሪያ አወረደ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት አይቶ "ይችለዋል" አለኝ።

"መጀመሪያ በራስህ ፋን።"

ገጠመው። አንድ ላይ ዝም፣ ሁለት ላይ ዝም፣ ሦስትም ላይ ዝም። ፈትቶ ቀየረልኝ። ልጄም ያንኑ ቀን ቤት ገጠመው።

ዛሬ ምራቴ ጠዋት ገብታ ተኛች። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ፤ የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነው። ጎረቤቴ የባለሱቁን ጉድ ልትሰማ እየሮጠች በር ላይ መጣች። ወሬው ምላሴን እየበላኝ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ መለስኳት።