ጉልበቱ የተፈታው ልብስ

ልብስ ሰፊዋ የጠፈርተኛውን ልብስ የከለለውን መስታወት በአፍንጫዋ ልትነካው ምንም አልቀራትም። ልጇ ከኋላ ቀሚሷን ሳብ አደረገችው።

"እማዬ፣ ሰው እያየ ነው።"

"እኔም እያየሁ ነው" አለች እናት፤ ግን ፈቀቅ አለች።

ወደዚህ የአውሮፕላንና የጠፈር ሙዚየም የጋበዟቸው የልጇ እጮኛ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። እናትና እሳቸው ሲተዋወቁ ገና የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ልጅቷ፣ ስለ ሥራሽ ከጠየቁሽ ነጋዴ ነኝ በይ ብላ እናቷን ለምናታለች። እናት ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሠላሳ ዓመት የሰው ሱሪ ስታሳጥር ኖራ፣ በዚያችው መርፌ ልጇን ዩኒቨርሲቲ አስገብታ፣ ዛሬ አንገቷን ልታስደፋት ነው? እሺ አለች። ነገሩ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

መሐንዲሱ ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው እየመሯቸው ሲያስረዱ አረፈዱ። የሙዚየሙ አስጎብኚ እንኳ ጣልቃ መግቢያ አላገኘችም። ልብስ ሰፊዋም በሆዷ "አይ እውቀት" እያለች ተከተለች። የጠፈርተኛው ልብስ ጋ ሲደርሱ ግን እግሯ አልላወስ አላት።

አስጎብኚዋ፣ ልብሱ የልምምድ ልብስ መሆኑን፣ ጨርቁም ድርብርብ እንደሆነ፣ በጠፈር በሚለበሰው ላይ አንድ ስፌት ቢስት ሰው እንደሚሞት ነገረቻቸው። መሐንዲሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዲህ ያለውን ማሽን ብቻውን ይሠራዋል እንጂ የሰው እጅ አይችለውም አሉ።

ልብስ ሰፊዋን አፏን አዳለጣት። "የሰው እጅ ነው። ግራ ጉልበቱ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል። የድሮው የመርፌ ቀዳዳ ያውላችሁ፣ በተርታ።"

አስጎብኚዋ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ የያዘችውን መዝገብ ገለጠች። ለባሹ መንበርከክ ስላቃተው ጉልበቱን አስፈትቶ ነበር፤ ተጽፏል።

"አሥር ዓመት እዚህ ስሠራ ይህን ያየ ጎብኚ የለም" አለች።

መሐንዲሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "እርስዎ በምን አወቁ?"

እናት ልጇን አየቻት። "እንዲሁ ገምቼ ነው። ንግድ ላይ ጨርቅ እናያለን።"

ልጅቷ ወለሉን ስታይ ቆየችና ቀና አለች።

"አልገመተችም፣ ጋሼ። ነጋዴም አይደለችም። ልብስ ሰፊ ናት። ያስተማረችኝ ሰፍታ ነው። ነጋዴ ነኝ በይ ያልኳት እኔ ነኝ።"



"እና እኔ" አሉ መሐንዲሱ፣ "ጠዋቱን ሙሉ ባለሙያ ሳስተምር ነው የዋልኩት?" ራሳቸው ላይ ሳቁና ከመስታወቱ ፊት ገለል ብለው ቦታ ለቀቁላት።

ልብስ ሰፊዋ ወደ አስጎብኚዋ ዞረች። "ልጄ፣ የውስጡን ስፌት ማየት አይቻልም? የሰፊ ሙያ የሚታወቀው በውስጥ በኩል ነው።"

የውስጡ ፎቶ ቢሮ እንዳለ፣ ፈልጎ ማምጣቱ ግን ግማሽ ሰዓት እንደሚፈጅ አስጎብኚዋ ነገረቻት።

ልጅቷ የእናቷን ክንድ ያዘች።

"እንጠብቃለን" አለች።