ሁለት ጊዜ መርገጥ

ዙልካርናይን ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ አልቆ የቀኙ ኩርባ ፊቱ ተደቅኗል፤ ፍጥነቱ መቶ ስድሳ ነው። እግሩን አንሥቶ ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ደገመው። በሁለተኛው ያዘለት። ትንሿ ሰማያዊ መኪና አፍንጫዋን ደፍታ፣ ጎማዎቿ እየጮኹ፣ የመንገዱን ስፋት ሁሉ ጨርሳ ኩርባውን ወጣች። "አልሃምዱሊላህ" አለ በሄልሜቱ ውስጥ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ነዳጅ ሰጠ።

መኪናዋ የቤት መኪና ናት። በሳምንቱ ስድስት ቀን ባለቤቱ ሃስሊንዳ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትሄድባታለች፤ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ሱራያን፣ የገበያውን ዓሣና ሩዝ ትጭንባታለች። ዙል ራሱ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ ለሥራው የድርጅቱን ቫን ይነዳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ግን የሱራያ መቀመጫ ከኋላ ይነሣና፣ በሮቹ ላይ ቁጥር ይለጠፍና ትንሿ መኪና ወደ ሴፓንግ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ትመጣለች። ውድድር አይደለም፤ እዚህ ማንም ማንንም አያሸንፍም ይባላል። ይባላል እንጂ ሁሉም ሰው በኪሱ የደበቀው ሰዓት አለው።

የቀኑን ሦስተኛ የመንዳት ተራ ጨርሶ ወደ መኪና ማቆሚያው ጥላ ሲገባ ወዳጁ ኮክ ሊዮንግ አፍንጫውን በእጁ ይዞ ጠበቀው። ኮክ ሊዮንግ ክላንግ ውስጥ ጋራዥ አለው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የዙልን መኪኖች ሲሰድብና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው።

"አለቃ፣ የፍሬንህ ሽታ ካንተ ቀድሞ ነው የገባው።"

"ሙቀቱ ነው" አለ ዙል።

"የፍሬኑን ዘይት መቼ ቀየርከው?"

ዙል የፍሬን ሸራዎቹን ባለፈው ሳምንት በገዛ እጁ እንደቀየረ፣ ያውም ደህና ዓይነት እንደገዛ ነገረው። ስለ ዘይቱ ግን አልተነፈሰም። ኮክ ሊዮንግ ከጾም ፍቺው በዓል በፊት አምጣት ብሎት ነበር፤ እሱም ከበዓሉ በኋላ ብሎ ነበር። በዓሉ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል።

"ፔዳሉ ሲወርድ ምን ታደርጋለህ ታዲያ?"

"ሁለቴ ስረግጠው ይመጣል።"

"ሳይመጣ ሲቀርስ?"

ዙል ሳቀ። ኮክ ሊዮንግ አልሳቀም፤ አጎንብሶ በጎማው መሐል አየና አንገቱን ነቀነቀ።

ከጎናቸው ባለው ጥላ ሥር በሸራ የተሸፈነ ነገር አለ። ጠዋት ብርማ መኪና ነበር። በሁለተኛው ተራ ከግድግዳው ጋር ተገናኝቶ በጭነት መኪና ተመለሰ። ባለቤቱ አንዲት ጭረት እንኳ አላገኘችውም፤ ሆኖም ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ካንድ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ከተቀመጠ አራት ሰዓት ሊሆነው ነው። ሌሎቹ ከሩቅ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉታል እንጂ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። እኛ እዚህ የምንመላለስ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ነገሩ የሚጋባ ይመስለናል። "የመጨረሻ ዙር" የሚለውን ቃል እንኳ እዚህ ደፍሮ የሚናገር የለም። የተጋጨ ሁሉ የተጋጨው የመጨረሻዬ ነው ብሎ በወጣበት ዙር ነው ስለሚባል ሰው ሁሉ "አንድ ይቀረኛል" እያለ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ዙልም አንድ ተራ ይቀረው ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ከባሕሩ በኩል መጥቆር ጀመረ። ሃስሊንዳ የሥራ ባልደረባዋ አድርሳት መጣች። ቦታውን አትወደውም፤ አልወደውም ብላም ታውቃለች። ዛሬ የመጣችው ከዚህ አብረው ኩዋላ ፒላ ወዳለው የእናቷ ቤት ለመሻገር ነው። ሱራያ የትምህርት ቤት ዕረፍቷን እዚያ ስታሳልፍ ሰንብታለች፤ ዛሬ ሊያመጧት ነው። መንገዱ በቡኪት ፑቱስ ተራራ ላይ ያልፋል። ደክሞሃል፣ እኔ እነዳለሁ አለችው፣ በቅጠል የተጠቀለለውን ሩዝ እየሰጠችው። ዙል ደስ አለው፤ እስከዚያ ድረስ ያቺን የቀረችውን ተራ ሊነዳ ልቡ ቆርጧል።

የጎረቤት መኪና ማለፊያ አጥቶ ጥሩንባ ሲነፋ ዙል እጁ በሩዝ ተለውሶ ነበርና ሃስሊንዳ ቁልፉን ወሰደች። ሞተሩን አስነሥታ ቀስ ብላ ወደ ኋላ መጣች። ዙል ከኋላ ቆሞ በክርኑ ይመራታል። ከጥላው ግንብ ልትደርስ ክንድ ሲቀራት የፍሬኑ መብራት በራ፣ ጠፋ፣ እንደገና በራ። ከዚያ ቆመች።

ዙል የያዘውን ሩዝ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ።

"ለምን ሁለት ጊዜ ረገጥሽ?"

"ምኑን?"

"ፍሬኑን።"

ግራ ገብቷት አየችው። "አንተስ? መኪናዋ እንደሱ አይደለችም እንዴ፣ ዙል? እግርህን እያየሁ ነው የለመድኩት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ እንጃ፣ ከበዓሉ ወዲህ መሰለኝ።" ሞተሩን አጠፋች። "ባለፈው ወር ሱራያን ይዤ ከእናቴ ቤት ስመለስ ግን ሁለቱም አልበቃው። ቡኪት ፑቱስን ስወርድ፣ ያቺ ታች ያለችው ጠማማ ጋ ሦስት ጊዜ ረገጥኩት። ሱራያ ደግሞ 'እማዬ፣ እየጨፈርሽ ነው?' ብላ ሳቀችብኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ታውቀዋለህ ብዬ ነዋ። መኪና የምታውቀው አንተ አይደለህ?"

ዙል በመስኮቱ ወደ ፔዳሉ አየ። እግሩ መቼ እንዲህ እንደለመደ አስቦ አያውቅም። ሸራ ሲቀይር፣ ጎማ ሲመርጥ፣ ስለ ኩርባ ሲያወራ፣ ፔዳሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲወርድ እግሩ ከሱ ደብቆ ያቻችል ነበር። አሁን ያቺን ጠማማ አየ፤ ቀጭኑን የብረት አጥር፣ ከሱ ወዲያ ያለውን ገደል፣ ከኋላ መቀመጫ ላይ የምትስቀውን ልጁን። ፍርሃት ያዘው። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ኀፍረቱ ባሰበት።

ድምፅ ማጉያው የአራተኛውን ተራ ነጂዎች ጠራ። በየጥላው ሞተር ተነሣ፤ ከወዲያ ማዶ ነጎድጓድ አጉረመረመ።

ኮክ ሊዮንግ የዘይት ጠርሙስ ይዞ መጣ። ሁሉንም ሰምቷል። "የፍሬኑ ቧንቧ አየር ስቦ ነው። አዲስ ዘይት አለኝ፤ አየሩን ሃያ ደቂቃ ውስጥ አስወጣልሃለሁ። ግማሹን ተራ ትደርሳለህ፣ ከዚያም ወደ አማቶችህ። ግን አለቃ፣ ከዘይቱ ሌላ የደከመ ነገር ይኑር አይኑር፣ ሳልፈታ አላውቅም።"

ሃያ ደቂቃ። ዙል ወደ መውጫው የሚሰለፉትን መኪኖች አየ። እግሩ በጫማው ውስጥ ተንቀሳቀሰ፤ ልውጣ ይላል፣ አሁንም ይላል። ሃስሊንዳ ቁልፉን እንደያዘች ከመኪናዋ ወረደች። አታድርግ አላለችውም። ፊቷ ግን ነጭ ሆኗል፤ ስለ ቡኪት ፑቱስ የተናገረችው አሁን ገና ለራሷም ገብቷታል።

ዙል ቁልፉን ከእጇ ወስዶ ለኮክ ሊዮንግ ሰጠው።

"የጭነት መኪና ጥራልኝ። ወደ ጋራዥህ ውሰዳት፤ አንድም ሳይቀር ፈትተህ እስክታያት ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።"

"ተራህስ?"

ዙል ለመንዳት ያሰሩለትን የእጁን የወረቀት አምባር በጥርሱ በጠሰው። "ያለፈው የመጨረሻዬ ነበር" አለ።

በዙሪያው ጎማ የሚነፉት ሁለት ሰዎች ቀና አሉ። ኮክ ሊዮንግም ቃሉን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ ስልኩን አውጥቶ ዘወር አለ። ሃስሊንዳ ለእናቷ መደወል ጀመረች፤ ዛሬ በአውቶቡስ እንደሚመጡ፣ ሱራያን ሳትተኛ እንድታቆይላቸው ትነግራታለች።

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች የጥላውን ቆርቆሮ መቱት። ዙል አንድ በርጩማ አንሥቶ ወደ ጎረቤት ጥላ ሄደና፣ በሸራ ከተሸፈነው መኪና ባለቤት አጠገብ ተቀመጠ። ሰውዬው ሄልሜቱን ከጭኑ ወደ መሬት አወረደና ቦታ ለቀቀለት።